የተሰረዘው የአትሊን ምርጫ ክልል፦ ጥያቄና መልስ

አትሊን በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የነበረ የምርጫ ክልል ነው። ለግዛቱ ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይልክ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ሩቅ አገር ለምን የራሱ ወንበር ተሰጠው?

መልስ፦ በወርቅ ምክንያት። በ1898 አትሊን ሐይቅ አጠገብ ወርቅ ተገኝቶ ሰው ጎረፈ። ለ1903 ምርጫ ካሲያር ከሚባለው የምርጫ ክልል ተቆርጦ ራሱን ቻለ። በግዛቱ ዕጩዎች በፓርቲ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፎካከሩት በዚያ ዓመት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን የካሲያር ውጤት በፓርቲ ከፍሎ ማነጻጸር አይቻልም። ወንበሩን የያዙት ኮንሰርቫቲቩ ዶክተር ሄንሪ ኤሰን ያንግ ናቸው።

ጥያቄ፦ የነባር ሕዝብ ተወላጁ ፍራንክ ካልደር በአትሊን የተመረጡት ለምን በ1949 ሆነ? ቀደም ብሎ የነባር ሕዝቦች ተወካይ አልነበረም?

መልስ፦ ሕጉ ከልክሎ ነበር። በፌዴራል መንግሥቱ መዝገብ የሰፈሩ ነባር ሕዝቦች በግዛቱ ምርጫ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው በ1949 ነው። ኒስጋ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለዱት ካልደር በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ሲ.ሲ.ኤፍ. በሚባለው ግራ ዘመም ፓርቲ ተወዳድረው አሸነፉ። በካናዳ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለመመረጥ ከመዝገቡ ሰዎች የመጀመሪያው ናቸው። የፌዴራሉ ክልከላ ግን እስከ 1960 ቆየ። በግዛቱ ምክር ቤት ሕግ የሚያወጡትን ሰው የመረጠው ሕዝብ፣ ለኦታዋው ፓርላማ እንዳይመርጥ አሥራ አንድ ዓመት ተከልክሎ ኖሯል። የአትሊን ታሪክ ዋናው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የ1952 እና የ1953 ድምፅ ድምሩ አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ እነዚያ ሁለት ምርጫዎች በቅደም ተከተል ድምፅ የተካሄዱ ናቸው። መራጩ ከዕጩዎቹ ስም ጎን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጽፋል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና ወረቀቶቹ በላያቸው በቀጣይነት ለተጻፉት ዕጩዎች ይከፋፈላሉ። ቀጣይ ያልተጻፈበት ወረቀት ከቆጠራው ስለሚወጣ ድምሩ ከዙር ዙር ይቀንሳል። ከ1949 ወይም ከ1956 ጋር ለማነጻጸር የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ይውሰዱ። የመጨረሻው ዙር አሸናፊውን ለማወቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ የደባለቀ ሰው፣ ያልነበረ የድምፅ መዋዠቅ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ወንበሩ የማን ፓርቲ ነበር ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በሰው ስም ከሄዱ ይሳሳታሉ። ካልደር በ1956 ተሸነፉ፣ በ1960 ተመለሱ፣ በ1975 ደግሞ ሲ.ሲ.ኤፍ.ን የተካውን ፓርቲ፣ ኤን.ዲ.ፒ.ን፣ ትተው በተቀናቃኙ ሶሻል ክሬዲት ፓርቲ አሸነፉ። በ1979 በኤን.ዲ.ፒው አል ፓሳሬል በአንድ ድምፅ ብቻ ተረቱ። ፓሳሬልም በተራቸው ወደ ሶሻል ክሬዲት ተሻገሩ፤ በ1986 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። መዝገብ ሲያዘጋጁ «ሲመረጥ የነበረበት» እና «ሲወጣ የነበረበት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ተወካይ?

መልስ፦ ላሪ ጉኖ፣ ኤን.ዲ.ፒ፣ ከ1986 እስከ 1991። እሳቸውም ኒስጋ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተሰረዘ?

መልስ፦ በሕዝብ ቁጥር። በ1989 «ዲክሰን» በሚባለው ክስ የቀረበው አኃዝ አትሊን 5,511 ሕዝብ፣ ኮኪትላም-ሙዲ 68,347 ሕዝብ እንዳላቸው ያሳያል፤ ሁለቱም በምክር ቤቱ አንድ አንድ ድምፅ። የአትሊን አንድ መራጭ የሌላውን ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ይመዝን ነበር ማለት ነው። ዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን ይህ አከፋፈል በ1982ቱ የመብቶች ቻርተር የተረጋገጠውን የመምረጥ መብት ይጥሳል ብለው ፈረዱ። የምርጫ ክልሎችን ለመከለል ቀድሞ የተቋቋመው የዳኛ ፊሸር ኮሚሽን ያቀረበው ወሰን፣ የክልሎቹ ሕዝብ ከአማካዩ ከ25 በመቶ ብዙ የማይርቅበት፣ ለ1991 ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ። ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ዋጋው ግን ነባሮቹ ማኅበረሰቦች ድምፃቸው ጎልቶ ይሰማበት የነበረው ወንበር መጥፋቱ ነው።

ጥያቄ፦ የዛሬውን ውጤት ከድሮው አትሊን ጋር እንዴት ላነጻጽር?

መልስ፦ በክልል ስም አይሞክሩት። አብዛኛው ምድር ወደ ቡልክሊ ቫሊ-ስቲኪን ገብቷል፤ እዚያ ግን የደቡቡ ሕዝብ ብዛት የሰሜኑን ይውጠዋል። የእያንዳንዱን ምርጫ ጣቢያ ውጤት ለይተው የአትሊን፣ የዲዝ ሌክና የቴሌግራፍ ክሪክ ጣቢያዎችን ብቻ ይደምሩ። የካሲያርን ከተማ ከዝርዝሩ ያውጡ፦ የአስቤስቶስ ማዕድኑ በ1992 ሲዘጋ ከተማው ባዶ ሆኗል።