ቤት ሁሉ በሚሸጥበት ሰሞን «ይወድቃል» ያለው ጋዜጠኛ

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚ ዘገባ እሠራለሁ። ወደ ዘጋቢ ፊልም መግባት ያምረኛል። አየርላንዳዊው ሪቻርድ ከረን ሁለቱንም ሞክሯል ይባላል፤ ከሱ ምን ልማር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ሰው መርጠሃል። ከረን ለዓመታት የጋዜጣ የቢዝነስ ጋዜጠኛ ነበር። በኋላ አርቲኢ በተባለው የአገሪቱ የሕዝብ ጣቢያ የሬዲዮ የቢዝነስ ፕሮግራም አቀረበ። እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በቴሌቪዥን ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ነው። ያኔ አየርላንድ በቤት ግዢ ሰክራ፣ ባንኮቹም ብድር እንደ ውሃ እያፈሰሱ ሳለ፣ እሱ ቁጥሮቹን አገላብጦ ይሄ ገበያ ሊፈርስ ይችላል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ብዙ ተወቀሰ። ዓመት ከምናምን ሳይቆይ፣ በ2008 መስከረም ማብቂያ ላይ መንግሥት ለባንኮቹ ዕዳ ዋስ ሆነ፤ በ2010 ደግሞ የ85 ቢሊዮን ዩሮ የነፍስ አድን የገንዘብ ጥቅል መጣ። የቤት ዋጋም እስከ 2013 ድረስ በግማሽ ገደማ ወረደ።

ስለዚህ ካሜራ ለመግዛት አትጣደፍ። መጀመሪያ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ልመድ፣ በተለይ ማን ለማን ምን ያህል እንዳበደረ። ከዚያ ያ ብድር ኑሮውን የነካበትን አንድ ቤተሰብ ፈልግ፤ ተመልካች ቢሊዮኑን የሚረዳው በዚያ ቤተሰብ በኩል ነው።