«ምርጫው የአንቺ ነው» ካልካት በኋላስ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስለ ነፃነት ብዙ እንከራከራለን። እኔ ወደ ሊበርታሪያኖች ሐሳብ አደላለሁ። እያንዳንዱ ሰው የገዛ አካሉ ባለቤት ነው፤ መንግሥትም ሆነ ሌላ ሰው ሊያስገድደው አይገባም ይላሉ። ይህ እግዚአብሔር ከሰጠን ነፃ ፈቃድ ጋር አንድ አይደለም ወይ? ታዲያ ፅንስ ማስወረድ ላይ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን ለምን ነፃ ፈቃድን ትረሳዋለች? አንድ ጓደኛዬ አለ። ፍቅረኛው አርግዛለች፣ አልተጋቡም። «ምርጫው የአንቺ ነው፣ የወሰንሽውን አከብራለሁ» ብሏታል። እኔም ትክክል ነህ ብዬዋለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ነፃ ፈቃድ ሰጥቶን የለም ወይ?» የምትለዋ ነገር ለጆሮዬ አዲስ አይደለችም። አንዱ ዓርብ ቀን ክትፎ ቤት ተቀምጦ ሲገኝ ይላታል። ሌላው ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ ይላታል። እስካሁን ግን «ነፃ ፈቃድ አለኝ፣ ስለዚህ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ነው» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ፅንስ ማስወረድ የምታስተምረውን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተኸዋል፤ አልደግመውም። የምቆየው ሁለት ነገር አንድ አድርገህ ባየህበት ቦታ ላይ ነው። ነፃ ፈቃድ ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ።

ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነህና ይገባሃል። ተከራይ ቁልፍ አለው። ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል፣ ስንት ሰዓት ተኛህ የሚለው የለም። ካርታው ግን በአከራዩ ስም ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ የሳሎኑን ግድግዳ ልናድ ቢል «ቁልፉ እኔ እጅ አይደል?» ማለት አያዋጣውም። ነፃ ፈቃድ ቁልፍ ነው። እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ትሰዳለህ ሲል ሲራክ ስለ ቁልፉ ተናገረ (ሲራ. 15፥16)። ጳውሎስ ደግሞ ስለ ካርታው፤ «በዋጋ ተገዝታችኋልና ለራሳችሁ አይደላችሁም» (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)።

ይህችን የጳውሎስ ቃል ለሴቶች ብቻ የተነገረች አድርገው የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። ምዕራፉን ከቁጥር 15 ጀምረህ አንብበው። የሚናገረው ወደ ጋለሞታ ለሚሄዱ ወንዶች ነው። «አካሌ የራሴ ነው» ሲሉ መጀመሪያ የተገሠጹት እነሱ ናቸው።

ስለ ሊበርታሪያኖቹም ትንሽ ልበል፤ አንተ ስትጽፍልኝ ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ። «ሰው የራሱ አካል ባለቤት ነው» የሚለውን ከሚወስዱባቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው፣ የ17ኛው መቶ ዘመን ፈላስፋ። እውነት ነው፣ ብሏል። እዚያው ድርሰት ላይ ግን ቀደም ብሎ፣ ሰዎች ሁሉ የአንድ ፈጣሪ ሥራና ንብረት ናቸው፤ ስለዚህ ሰው ሌላውን ቀርቶ ራሱንም ለማጥፋት ሥልጣን የለውም ይላል። ብዙዎቹ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዘው ሌላውን እዚያው ትተውት ሄዱ። ጥቅስ ቆርጦ መውሰድ የእኛ ሰባክያን ብቻ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞም በዚህ ነገር እነሱ ራሳቸው አንድ አይደሉም። ዋናው ሕጋቸው ማንም በማንም ላይ ቀድሞ ኃይል አይጠቀም የሚል ነው። መጥፎ ሕግ አይደለም። እኛ ሰፈር ቢሠራበት ስንት ጠብ ይቀር ነበር። ጥያቄው «ማንም» ውስጥ የሚቆጠረው ማን ነው? የሚለው ነው። አሜሪካዊው ሮን ፖል እ.ኤ.አ. በ1988 የሊበርታሪያን ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ነበር። በሙያው ስንቱን ያዋለደ የማኅፀን ሐኪም ነው፤ ፅንስ ማስወረድንም ይቃወማል። ፓርቲው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት በዚህ ጉዳይ አይግባ የሚለውን አንቀጹን ከፕሮግራሙ አውጥቶታል። ስለዚህ «ሊበርታሪያን ነኝና መልሴ ይሄ ነው» ብለህ መገላገል አትችልም።

ወደ ሌላኛው ጫፍ የሄደው አሜሪካዊው የሊበርታሪያን ጸሐፊ መሬይ ሮትባርድ ነው። ፅንሱ ሰው ነው ብንል እንኳ ማንም ሰው በሌላ ሰው አካል ውስጥ ያለ ፈቃዷ የመቆየት መብት የለውም ይላል። በእኛ ቋንቋ ያልተፈለገ እንግዳ ነው፣ ባለቤቷ ልታስወጣው ትችላለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምነሣው። እንግዳ የሚባለው ቃል ለእኛ ሌላ ነገር ነው።

ያደግሁት ገጠር ነው። ጅቡ መጮኽ ከጀመረ በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አባቴ ማን ጠራህ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ውሻውን ያስይዛል። ከዚያ ውኃ ይሞቅና እግሩ ይታጠባል። ለእኛ ለልጆቹ የተቀመጠችው ቂጣ ለእሱ ትሄዳለች። እናኮርፍ ነበር፣ አልዋሽህም። ቤቱ የአባቴ ነው፤ ያንን የሚጠራጠር አልነበረም። ግን በዚያ ሰዓት «ቤቴ ነው፣ ውጣልኝ» ማለት ሰውየውን ለጅብ መስጠት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «ማስወጣት እንጂ መግደል አይደለም» የምትለው ክርክር እኛ ቤት አንድ ሌሊት አታድርም። ያ እንግዳ ደግሞ በራሱ እግር መጥቶ ነው። ጓደኛህ የነገረህ እንግዳ ግን በራሱ አልመጣም። ሁለት ሰዎች ናቸው ያመጡት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እንግዳው ያደረው እኛ ቤት ቢሆንም ጠዋት ጎረቤት እርጎ ይዞ ይመጣ ነበር። እንግዳ የአገር ነበር። ዛሬ ግን እንግዳውን አንዲት ልጅ ቤት ብቻ አስገብተን፣ የየራሳችንን በር ቀርቅረን፣ «እንዳታስወጪው፣ ኃጢአት ነው!» እያልን በመስኮት እንጮኻለን። ሊበርታሪያኖቹ ቢስቁብን አይፈረድባቸውም።

መንገድ ላይ ሳለሁ አንዲት ሌላ ስሕተት ላንሳ፤ ጓደኛህ ሳይላት አይቀርም። «ገና ነው፣ ነፍስ አልዘራም፣ ደም ነው» ትባላለች። ቅዱስ ባስልዮስ የተሣለና ያልተሣለ (ቅርጽ የያዘና ያልያዘ) ፅንስ እያሉ መከፋፈልን አንቀበልም ብሎ ጽፏል። ለአንተ ግን መጽሐፍ ሳያስፈልግ የግድግዳው ካላንደር ይበቃሃል። መስከረም 26 የዮሐንስ መጥምቅ ፅንሰት ነው። ነሐሴ 7፣ በፍልሰታ መካከል፣ የእመቤታችን ፅንሰት ነው። የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29። ጳጉሜን ጨምረህ ቁጠረው፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይመጣልሃል። የምናከብረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። «ደም» ለተባለ ነገር ማኅሌት አይቆምም።

ሕጉንም ታነሣብኝ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 መደፈርን፣ በዘመድ መካከል የተፈጠረ ፅንስን፣ የእናት ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ መውደቅን የመሳሰሉ ምክንያቶች ዘርዝሮ በእነዚህ አይቀጣም። እየተደበቁ በየጓዳው የሞቱ እህቶቻችን ለዚያ ሕግ አንዱ ምክንያት ነበሩ፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ሕግ አልቀጣም ማለት ግን ባረከ ማለት አይደለም። የተደፈረች ልጅን ወይም ሕይወቷ የተጨነቀባትን እናት ጉዳይ ደግሞ እዚህ በሁለት መስመር አልፈርድበትም። የምትደማ ሴት መጀመሪያ ሆስፒታል ትሂድ። የነፍስ አባቷ እዚያው አልጋዋ ድረስ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ጓደኛህ።

በእኛ በኩል ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ብዙ ልጆች አሉ። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዳንዷ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ጫማዋን እያየች ትቆማለች። ያኔ ይገባኛል። «ምን አለሽ?» እላታለሁ። «አንቺ እንደፈለግሽ አለኝ» ትላለች። ሁልጊዜ ይሄው ቃል ነው። ቀጥሎ ስልኩ አይሠራም።

ጓደኛህ እንደዚያ ነው አላልኩም። ግን ያላትን ነገር ከእሷ ቦታ ሆነህ ስማው። ሆዷ ሲገፋ ሥራውን ታጣ ይሆናል። አከራይዋ ከነልጅሽ አላኖርሽም ትላታለች። አባቷ ዘንድ በምን ፊቷ ትሄዳለች? በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሊያግዛት የሚችል ሰው «ምርጫው የአንቺ ነው» ሲላት የምትሰማው ነፃ ነሽ የሚል አይደለም። ብቻሽን ነሽ የሚል ነው። አላስገደዳትም፣ እውነት ነው። በሊበርታሪያን ሚዛን ንጹሕ ነው። ጲላጦስም አላስገደደም። ውኃ አስመጥቶ ታጠበና «እናንተ ተጠንቀቁ» ብሎ ምርጫውን ለሌላ ሰጠ (ማቴ. 27፥24)።

ጳውሎስ ለአርነት ተጠርታችኋል ይልና እዚያው ላይ ምን ይጨምራል? «በፍቅር እርስ በርሳችሁ እንደ ባሪያዎች ሁኑ» (ገላ. 5፥13)። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ አዎ ልጄ፣ ትክክል ነህ ስትለው ተሳስተሃል። እንዲያስገድዳት አይደለም የምልህ። ያስገደዳት እንደሆነ እኔው ነኝ የምጣላው። «እኔ አለሁ፣ ኪራዩን እከፍላለሁ፣ ሽማግሌ እልካለሁ፣ እናቴ ዘንድ አብረን እንገባለን» ይበላት። እሱም ምርጫ አለው፤ የራሱን ሳይመርጥ ነው የእሷን ያከበረው።

ይህን ስጽፍ እኔም እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ገና መቃኞ ሳለ፣ አንድ ነሐሴ 7 ቀን፣ ስለ ፅንሰት አስተምር ነበር። ማይኩ ጥሩ ነበር፣ ሕዝቡም እልል አለልኝ። ሞቅ ሲለኝ «ልጆቻቸውን የገደሉ መካከላችን ቆመዋል!» አልኩ። በማግስቱ አንዲት ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ አየሁ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። ቆርቆሮው የተቀደደበት ቦታ ነበር፤ በዚያ ታያለች። ዝናብ ነበር። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ፣ እዚያው ናት። ሄጄ ለምን አትገቢም አልኳት። «እንዳላረክሰው ብዬ ነው» አለችኝ። ታሪኳን ነገረችኝ። ሰውየው ምርጫውን ለእሷ ትቶ፣ ለክሊኒኩ ብሩን ልኮላት ነበር። ታሪኩን እንድናገር ስለፈቀደችልኝ ነው የምጽፈው።

እኔ አስተማሪ እንጂ አናዛዥ አይደለሁም። ወደ አንድ አባት ወሰድኳት። እንዲህ ላለው ነገር እ.ኤ.አ. በ314 በዕንቆራ (በዛሬዋ የቱርክ ከተማ አንካራ) የተሰበሰቡት አባቶች የወሰኑትን ነገሯት። ከእነሱ በፊት የነበረው ሥርዓት እንዲህ ያደረገችን ሴት እስከ ሞት ድረስ ከቁርባን ይከለክል ነበር። እነሱ ግን እናላላው ብለው 10 ዓመት አደረጉት። አሥር ዓመት ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል። ልጅቷ ግን «ማለቂያ አለው ማለት ነው?» ብላ አለቀሰች። ለእሷ የተሰጣትን ቀኖና እሷና የነፍስ አባቷ ያውቁታል። የገባችው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ በሴቶች በር።

ያን ሰውዬ ግን በየእሁዱ አየው ነበር። አንድም ቀን ከአጥር ውጭ ቆሞ አላየሁትም።

ጓደኛህን እሁድ ይዘኸው ና። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ ሮቶው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ነኝ። ጓደኛ የለም፣ ራሴ ነኝ የምትለኝም ከሆነ እዚያው ነኝ። ከመምጣትህ በፊት ግን ዛሬ ማታ ደውልላት። ምን ወሰንሽ ብለህ እንዳትጠይቃት። በልተሻል ወይ በላት።