ከማሳው ጀርባ ያለው ዱር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። እኔ የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው፣ አባቴ ግን በ1996 ዓ.ም. በሰፈራ መተማ ከወረዱት ናቸው። ሁለት ሄክታር አላቸው፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ሰሊጥ ነው የሚዘሩት። ምርቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጥቶ አሁን በሄክታር አራት ኩንታል ከተገኘ ተመስገን ነው። ከማሳው ጀርባ ዱር አለ፣ የዕጣን ዛፍ፣ ቅርቅራ ምናምን ያለበት፣ ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየገፉ ገብተውበታል። አባቴ "እኛ ብቻ ቆመን ቀረን" እያሉ አንድ ሄክታር የሚያስመነጥሩበት የትራክተር ብር ላክ ይሉኛል። እምቢ ብል ይቀየሙኛል፣ እሺ እንዳልል ልቤ አልፈቀደም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ብሩን ላክላቸው፣ ለትራክተር ግን አይሁን። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ ነገር አባትህ ስግብግብ አይደሉም። በ95 እና በ96 ያ ሁሉ ህዝብ ወደ መተማና ቋራ የወረደው እኮ የደጋው መሬት ተራቁቶ፣ ለልጅ የሚካፈል ስለጠፋ ነው። እዚህ ጎንደር ዙሪያ ያሉትን ጋራዎች ቀና ብለህ እያቸው፣ ባህር ዛፉን ትተህ አገር በቀል ዛፍ የምታየው ባብዛኛው ቤተክርስቲያን ባለበት ነው። ያንን ጥሎ የሄደ ሰው ቆላ ወርዶ ያው ነገር ሲደገም ሳይ ያመኛል፣ ግን ልፈርድበት አልችልም፣ ምክንያቱም ዱሩ ለሱ ምን ሰጥቶታል? ዕጣኑን ፈቃድ ያለው ድርጅት ከሩቅ መጥቶ ያስለቅማል፣ ሰራተኛውም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፣ አጠገቡ የሚኖረው ገበሬ እጅ የሚገባው ትንሽ ነው። ሰሊጡ ግን የራሱ ነው፣ ሸጦ ልጅ ያስተምርበታል፣ ቆርቆሮ ይገዛበታል። መተማ ላይ በግብርና ባለሙያነት ስሰራ ስብሰባ ጠርተን "ደን ሀብታችን ነው" ስንላቸው ዝም ብለው የሚያዩን ለዚህ ነበር፣ እውነታቸውን ነው።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። አዲስ የተመነጠረ መሬት መጀመሪያ ሁለት ሶስት ዓመት ደህና ያበላል፣ የሚያበላው ግን ቅጠሉና ሳሩ ስንት ዘመን ረግፎ በስብሶ ያጠራቀመው ነው፣ እሱ ሲያልቅ ተመልሳችሁ አራት ኩንታል ላይ ናችሁ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ዱር መፈለግ ነው። አሁን ያላችሁ ሁለት ሄክታር በአራት አራት ስምንት ኩንታል ነው። አንድ ሄክታር ብትመነጥሩ 12 ይሆናል። ያለውን መሬት በሄክታር ስድስት ብታደርሱትም ያው 12 ነው፣ አንድ ዛፍ ሳይወድቅ። ስድስት ኩንታል ደግሞ በደንብ ለተያዘ ሰሊጥ ብዙ አይደለም።

እንዴት ይደረሳል ካልከኝ፣ ያቺ መሬት 20 ዓመት ሙሉ ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ ስትዘራባት ደክማለች። ግማሹን ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ግማሹን ሰሊጥ አድርጉት፣ ለዓመቱ አቀያይሩት። ማሾው ለመሬቱ ናይትሮጅን ይተውለታል፣ ገበያም አለው። በመበተን ፈንታ በመስመር ዝሩ፣ ለአረምም ለኩትኳቶም ይቀላል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይኑረው፣ ሰሊጥ እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም፣ ሁለት ሶስት ቀን ከተኛበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ብዙው ኪሳራ ግን አጨዳ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ጥቅምት ላይ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ገብቼ ሳሉግ (ለአጨዳ የሚመጣ የቀን ሰራተኛ) ጠፍቶባቸው ሰሊጡ ቆሞ ደርቋል። ነፋስ በነካው ቁጥር ቅርፊቱ ቸር ቸር ይላል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ፣ ግማሹ አፈር ግማሹ ነጭ ሰሊጥ። ያንን ክረምት ሙሉ ያረሙት እሳቸው ናቸው። ሰሊጥ ከታች ያለው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ ፍሬው ሳይከፈት ነው መታጨድ ያለበት፣ ከዛ ታስሮ በሂላ፣ ማለትም ነዶው ተደጋግፎ፣ ቆሞ ይደርቅና ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ይሄ ሁሉ ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ የሚገኘው ብር በሰዓቱ ካለ ነው። ስለዚህ ለትራክተሩ ያሰብከውን ብር ለሁለት ክፈለውና ግማሹን ሐምሌ ላይ ለአረም፣ ግማሹን መስከረም መጨረሻ ላይ ለአጨዳ ላክላቸው። አባትህ እምቢ አለኝ አይሉህም። ደውለህ ከምትነግራቸው ግን ሄደህ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ብታስረዳ ይሻላል፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ደባርቅ ነኝ። ደን ይጠበቅ፣ ፓርክ ይከበር ሲባል መጨረሻው ገበሬውን ማስነሳት አይደል እንዴ? እኛ ጋ ያየነው ይሄንኑ ነው።

መልስ፦ የምትለው ገብቶኛል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ ከዛ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ለመውጣቱ ከተሰሩት ስራዎች አንዱ የግጭ መንደር ሰው ተነስቶ ወደ ደባርቅ መምጣቱ ነበር። ሳሩ አገግሟል፣ ይሄንን አልክድም። ግን እድሜ ልኩን ገብስ ሲያመርት በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ቤት ስለተሰጠው ብቻ ኑሮ ገባለት ማለት አይቻልም። ለመተማና ለቋራ ይሄንን መንገድ አልመኝም። አልጣሽ ፓርክ የራሱ ክልል አለው፣ እሱ ይከበር። ከፓርኩ ውጪ ያለውን ዱር ግን አጠገቡ ያለው ሰው ይዞት፣ እየጠበቀ እየተጠቀመ ቢኖር ነው የምፈልገው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 እኮ ከመንግስት ደን ሌላ የግል፣ የማህበርና የማህበረሰብ ደን ብሎ እውቅና ሰጥቷል። ቀበሌያችሁ ላይ ተደራጅታችሁ ጠይቁ፣ ዝም ከተባላችሁ ወረዳ ድረስ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ቅዳሜ ገበያ ዕጣን ስቸረችር የኖርኩ እናት ነኝ። ዕጣኑ ዋጋው አልቀመስ አለ፣ ጥሩውም እየጠፋ ነው። ምን ነካው?

መልስ፦ እማማ፣ ዛፉ ልጅ አጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ትልቅ ጥናት የኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የዕጣን ደኖች አይቶ፣ በአብዛኞቹ ወጣት ዛፍ የለም፣ እንዲህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ይወርዳል ነው ያለው። ዘሩ ይበቅላል እኮ፣ ግን ወይ ከብት ይግጠዋል ወይ የበጋ እሳት ይበላዋል። ትልልቁ ደግሞ ከልክ በላይ ይደማል። አይተውት እንደሆነ አላውቅም እንጂ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነው፣ በሚንጋፍ (ቅርፊት መላጫው ብረት) ቆንጠር ሲያደርጉት ወተት የመሰለ ጠብታ ያወጣል፣ ሲደርቅ ነው እርስዎ ሰፌድ ላይ የሚዘረግፉት ዕጣን የሚሆነው። ያችኑ ቁስል ከመስከረም መጨረሻ ጀምረው በጋውን ሙሉ እየደጋገሙ ይከፍቷታል። ጠባሳው ሳይደርቅ ዓመቱ ዞሮ ይመጣና እንደገና። ዛፉ ዓመት አርፎ ቢውል፣ ቀጫጭኑ ባይነካ፣ ዱሩም ለተወሰነ ዓመት ከከብትና ከእሳት ቢከለል ይመለሳል። ይሄ የ44ቱ ታቦት አገር ያለ ዕጣን እንዴት ሊውል እንደሚችል ማሰብ ራሱ ይከብደኛል።

ለመጀመሪያው ጠያቂ ደግሞ አንድ የረሳሁት አለ። የዕጣን ዛፍ በቁራጭ ይተከላል። ጠና ያለ ቅርንጫፍ፣ ከሰው ቁመት ብዙ የማያንስ፣ ቅጠል ሳያወጣ በደረቁ ወቅት ተቆርጦ ዝናቡ ሳይገባ መሬት ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ ከተተከለ ይይዛል። ማሳችሁ ከዱሩ በሚዋሰንበት በኩል እንደ አጥር ደርድሩት፣ ከአባትህ ጋር ሆናችሁ፣ ወሰኑም በዛው ይታወቃል።