ኢንሱሊን እንዲሠራ የሚያግዙ መድኃኒቶችና የሰውነት ስብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፓዮግሊታዞን ከጀመርኩ ወዲህ የደሜ ስኳር ወርዷል፤ ክብደቴ ግን ጨምሯል። ውፍረት የስኳር ሕመምን ያባብሳል ሲባል ነው የምሰማው። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

መልስ፦ ዋናው ነገር የስቡ መጠን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። በጤናማ ሰውነት ውስጥ ከምግብ በኋላ የስብ ሕዋሳት ቅባትን ተቀብለው ያከማቻሉ፤ ኢንሱሊንም የተከማቸው ስብ ተሰባብሮ ወደ ደም እንዳይለቀቅ ይገታል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ሕዋሳቱ ለኢንሱሊን በበቂ መጠን ስለማይታዘዙ ፋቲ አሲድ (ስብ ሲሰባበር የሚወጣው ቅባት) ያለማቋረጥ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ትርፉም በጉበትና በጡንቻ ውስጥ እየተጠራቀመ በእነዚያም ቦታዎች የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል። ጉበት ስኳር ማምረቱን አይቀንስም፣ ጡንቻም ከደም የሚወስደው ስኳር ያንሳል።

ፓዮግሊታዞን በዋናነት በስብ ሕዋሳት አስኳል ውስጥ የሚገኘውን ፒፓር ጋማ የተባለ ተቀባይ (መልእክት ተቀብሎ ጂኖችን የሚያሠራ ፕሮቲን) ያነቃል። ይህ ተቀባይ ብዙ ጂኖችን የሚያዝዝ በመሆኑ፣ በተለይ ከቆዳ ሥር ለኢንሱሊን የሚታዘዙ አዳዲስና ትናንሽ የስብ ሕዋሳት እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ጎተራው ሲሰፋ መሬት ላይ የተበተነው እህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ በደም ውስጥ ያለው ፋቲ አሲድ ይቀንሳል፣ የጉበት ስብም ይወርዳል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ስለዚህ ሚዛንዎ ሲወጣ ስኳርዎ መውረዱ አይጋጭም፤ ይህ ማለት ግን ክብደቱን ችላ ይበሉት ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተብያለሁ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሊጠቅምዎ ይችላል። መድኃኒቱ አዲፖኔክቲን የተባለውን ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭ ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ጉበት ቅባትን እንዲያቃጥል ያግዛል። ሆኖም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ስቡ ሊመለስ ይችላል። ጉበትዎ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ሳይመረመሩ መጀመርም አይገባም።

ጥያቄ፦ ሌላው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚንስ?

መልስ፦ የሚሠራው በዋናነት ጉበት የሚያመርተውን ስኳር በመቀነስ ነው። ስብን ከቦታ ቦታ በማዛወር ረገድ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ክብደት አይጨምርም፣ እንዲያውም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ከሆኑ የሮሲግሊታዞንና የፓዮግሊታዞን የደም ቅባት ውጤት ለምን ይለያያል?

መልስ፦ ሁለቱም አንዱን ተቀባይ ቢያነቁም፣ ፓዮግሊታዞን ትራይግሊሰራይድን (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) ሲቀንስና ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል ሲጨምር፣ ሮሲግሊታዞን መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ፓዮግሊታዞን ፒፓር አልፋ የተባለውን ሌላ ተቀባይም በመጠኑ ስለሚነካ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሮሲግሊታዞን ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋ ጋር በተያያዘ ጥርጣሬ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ሽያጩ ታግዷል። ከሁለቱ በፊት የወጣው ትሮግሊታዞን ደግሞ ጉበትን ስለሚጎዳ በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። አንዱ መድኃኒት ያሳየውን ውጤት ለመላው ወገን መስጠት ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፓዮግሊታዞንን አንድ ወር ወሰድሁ፤ ለውጡ ትንሽ ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። አዳዲስ ሕዋሳት እስኪያድጉ ጊዜ ስለሚወስድ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የጨመርኩት ስብ ይሁን ውሃ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ስብ በሳምንታትና በወራት ነው የሚጨምረው፤ ውሃ ግን በቀናት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ መድኃኒቱ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋልና። ማታ ላይ የቅልጥምዎን ፊት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ እብጠት አለ። ከኢንሱሊን መርፌ ጋር ሲወሰድ እብጠቱ ይበዛል። የከፋ የልብ ድክመት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ መጀመር የለበትም። የአጥንት ስብራት፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ ስለሚጨምርና የሽንት ፊኛ ካንሰር ላለባቸው ስለማይታዘዝ ሁለቱንም አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ክብደትዎ በጥቂት ቀናት በድንገት ከወጣ፣ ወይም በጀርባዎ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።