ለጥያቄዎ መልስ፦ ስምምነቱን ከመፈረምዎ በፊት ባምፐሩ ይፈታ

ከኋላ በቀስታ የተገጨው መኪናዎ ላይ የሚታየው ጭረት ብቻ ስለሆነ ኢንሹራንሱ ያቀረበልዎትን ክፍያ ተቀብለው ጉዳዩን መዝጋት ይገባዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይቸኩሉ። የባምፐሩ ፕላስቲክ ሲገፋ ጎብጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይችላል፤ ከጀርባው ያለው ግጭትን የሚያለዝብ ፎም ግን ተጨፍልቆ፣ የብረት ማጠናከሪያውም ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩን ግጭት የሚቀበሉት እነዚህ ክፍሎች በመሆናቸው ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኋላው ክዳን ከግራና ከቀኝ የሚተወው ክፍተት እኩል ካልሆነ፣ በክዳኑ ሥር ባለው የዕቃ ቦታ ውስጥ ውሃ ከገባ ወይም የማቆሚያ ሴንሰሩ (መኪናውን ሲያቆሙ ከኋላ ያለ ነገር ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው) ያለ ምክንያት የሚጮህ ከሆነ የተደበቀ ጉዳት እንዳለ ጠርጥሩ።

ስለዚህ ባምፐሩ ተፈትቶ እንዲመረመር ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ጋራዡ ባምፐሩን ሲፈታ ፎቶ ያንሱ፤ የኢንሹራንሱ ገማች ሳያይ ምንም ክፍል እንዳይጠገን ወይም እንዳይጣል ያድርጉ። ከመጀመሪያው ግምት በኋላ ለተገኘ ጉዳት ተጨማሪ ግምት መጠየቅ የተለመደ አሠራር ነው፤ ነገር ግን «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ ከፈረሙ በኋላ ይህን መብት ማስከበር እጅግ ይከብዳል። በውልዎ ላይ የተጻፈውን የማሳወቂያ ጊዜ ገደብም ዛሬውኑ ይመልከቱ።