ጠብታዬ የት ገባ? የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ እመልሳለሁ። የዛሬው ጉዳይ የማይቀላቀሉ ፈሳሾች ናቸው፦ ውሃና አየር፣ ዘይትና ውሃ። ድንበራቸው ሲንቀሳቀስ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንከታተለዋለን? ኮምፒውተሩ ቦታውን በጥቃቅን ሳጥኖች ይከፍለዋል፤ ሳጥኑ ሴል፣ መረቡ ሜሽ ይባላል። ጊዜውንም በትንንሽ እርምጃ ይሄደዋል፤ ያ ስቴፕ ነው። ከዚህ ሌላ ከሀ ሁ አልጀምርም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ በየስቴፑ የፈሳሹን መጠን ቁጠሩ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ቪኦኤፍና ሌቭል ሴት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጥሩ ጠየቅሽ። ሁለቱም ድንበሩን መከታተያ ዘዴዎች ናቸው። ቪኦኤፍ እያንዳንዱ ሴል ስንት እጁ ውሃ እንደሆነ ይመዘግባል። 1 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 0 ከሆነ ባዶ። 0.3 ካለሽ ድንበሩ እዚያ ሴል ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አይነግርሽም። ጎረቤት ሴሎችን አይተሽ ቀጥ ያለ መስመር ትቆርጫለሽ። ኸርትና ኒኮልስ በ1981 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ውሃ አያጠፋም፤ ድንበሩ ግን ሸካራ ነው።

ሌቭል ሴት ደግሞ የኦሸርና የሴቲያን ነው፣ 1988። እያንዳንዱ ነጥብ ከድንበሩ ስንት እንደሚርቅ ይይዛል። በአንድ በኩል ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ፤ ዜሮው ላይ ድንበሩ አለ። ኩርባው አምሮ ይወጣል። ችግሩ ሌባ መሆኑ ነው፤ መጠን ይሰርቃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአየር አረፋ በውሃ ውስጥ ሲወጣ ሠርቼ፣ ምስሉ ስላማረ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። በኋላ መጠኑን ብቆጥር የአረፋው ሩብ የለም! የት ሄደ? የትም። ፍሰቱ ርቀቶቹን ያዛባቸዋል፤ መልሰሽ ስታስተካክያቸው ዜሮው መስመር በትንሽ በትንሹ ይንሸራተታል። ሱስማንና ፐኬት በ2000 ሁለቱን ዘዴዎች ያጋቡት ለዚህ ነው። መጠኑን ከቪኦኤፍ፣ ኩርባውን ከሌቭል ሴት።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኔ አልሠራም። ምን ላድርግ?

«አልሠራም» ጥያቄ አይደለም። ሜሽህ ስንት ነው? ዘዴህ የቱ ነው? መጠኑን ቆጥረሃል?

የመንዝ ልጅ፦ ፍሮንት ትራኪንግስ?

ድንበሩ ላይ ነጥብ ደርድረህ ከፍሰቱ ጋር ትነዳቸዋለህ፣ እንደ በግ። ሲበታተኑ ትጨምራለህ፣ ሲጠጋጉ ትቀንሳለህ። ድንበሩ ጥርት ያለ ነው። ጣጣው መዋሃድ ላይ ነው። ወጥ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ልብ ብለህ አይተኸዋል? ሁለት ክቦች ተጠግተው ጎን ለጎን ይቆያሉ፣ ከዚያ ድንገት አንድ ይሆናሉ። ፍሮንት ትራኪንግ ካልነገርከው መቼም አያዋህዳቸውም። ቪኦኤፍ ደግሞ በአንድ ሴል ርቀት እንደተቀራረቡ ሳይጠይቅህ ያዋህዳቸዋል፣ በእውኑ ዓለም ነጥረው የሚለያዩ ቢሆኑ እንኳ።

ከአንኮበር፦ ይሄ የጾም ወጥ ላይ ነው። ቅቤ እንዲያ አይሆንም።

የመንዝ ልጅ፦ ቅቤማ በዚህ ብርድ እስክትጎርስ ይረጋል።

ከአንኮበር፦ ወጡን አቀዝቅዘህ ብትበላ ነው እንጂ!

ተመለሱ እባካችሁ። የሚረጋ ነገር ከፈሳሽ ወደ ጠጣር መለወጥ ነው፣ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

ከመሐል ሜዳ፦ የጣርማ በርን ጉም በቪኦኤፍ መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። ጉም ጥቃቅን ጠብታ ነው፤ የምትከታተለው አንድ ድንበር የለውም።

ከደብረ ሲና፦ ኢንተርፎም (የኦፕንፎም ሶፍትዌር የቪኦኤፍ ፕሮግራም) ላይ ጠብታ አስቀመጥኩ። ነፋስ የለም፣ ስበት አጥፍቻለሁ። ግን ዙሪያው ፍሰት ይሽከረከራል።

እሰይ! ያ ፍሰት የውሸት ነው፣ ከቁጥሩ የመጣ። ጠብታው ውስጥ ያለው ግፊትና የገጽ ውጥረቱ (ገጹን እንደ ላስቲክ የሚወጥረው ኃይል) እኩል መተያየት አለባቸው። ኩርባውን ከሸካራ 0ና 1 ካሰላሽው ይሳሳታል፤ ስህተቱ ፈሳሹን ይገፋዋል። ሁለቱን ኃይሎች እዚያው የሴል ፊት ላይ (ሁለት ሴሎች በሚገናኙበት ጎን)፣ በአንድ ዓይነት ስሌት አስያቸው። ኩርባውን ደግሞ የሴሎቹን ውሃ በዓምድ ደምረሽ፣ ከዓምዶቹ ቁመት አውጪው።

ታይም ስቴፕሽንም እዪ። የገጽ ውጥረት ሞገድ በአንድ ስቴፕ ከአንድ ሴል በላይ መዝለል የለበትም። ለውሃና አየር ሴሉ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ገደቡ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ነው። 0.1 ሚሊሜትር ካደረግሽው ወደ 0.03 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ሜሹን አሥር እጥፍ ስታደቂው ስቴፑ ሠላሳ እጥፍ ያንሳል። ላፕቶፕሽ ሌሊቱን ያድራል፤ መብራት ስለሚጠፋ በየመሀሉ ሴቭ አድርጊ።

ከአታዬ፦ ታዲያ ከሁሉም የቱ ይሻላል?

ከላይ ያለውን አንብብ።

ከአንኮበር፦ እሱ የጠየቀው በአጭሩ ነው እኮ ጋሼ።

በአጭሩ፦ የቱንም ያዝ፣ መጠኑን ቁጠር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ቆጠርኩ። ሌቭል ሴት ነው፣ 64 በ64። በ200 ስቴፕ 8 በመቶ ጠፍቷል።

አሁን ጠየቅህ። ርቀቱን በየስቴፑ ስንት ዙር ነው የምታስተካክለው?

ከሸዋ ሮቢት፦ 20።

አበዛኸው። ወደ 3 አውርደው፣ ሜሹን 128 አድርገው፣ ማታ ቁጥሩን ላክልኝ። ምስል አልፈልግም።