ጥያቄና መልስ፦ የአየር ናሙና ዘዴያችን ተረጋግጧል?

ጥያቄ፦ በቀለም ፋብሪካ የምሠራ የሙያ ደኅንነት ባለሙያ ነኝ። ሠራተኞች የሚተነፍሱትን የቶሉይን (ቀለም የሚያቀጥን ፈሳሽ) ትነት በከሰል ቱቦ፣ ማለትም የሚሳብበትን አየር ትነት በሚይዝ ከሰል በተሞላ ቱቦ፣ ለመለካት አስበን፣ መጠኑ የታወቀ ቶሉይን ከሰሉ ላይ ጠብ አድርገን በካርቦን ዳይሰልፋይድ በተባለ አሟሚ ፈሳሽ ስናስለቅቀው 96 በመቶውን መልሰን አገኘን። ዘዴው ተረጋግጧል ማለት እንችላለን?

መልስ፦ ገና አትችሉም። ቁጥሩ በራሱ ጥሩ ነው፤ በአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም መመዘኛ ቢያንስ 75 በመቶ መገኘቱ በቂ ነው። ነገር ግን የፈተናችሁት ከሰሉ የያዘውን መልሶ መስጠቱን እንጂ፣ በላዩ ከሚያልፈው አየር ትነቱን መያዙን አይደለም። ሠራተኛው አንገትጌ ላይ የሚሰካው ቱቦ የሚደርሰው ጠብታ ሳይሆን ከሌሎች አሟሚዎችና ከውኃ ተን ጋር የተደባለቀ አየር ነው።

ስለዚህ የቶሉይን መጠኑ የታወቀ አየር አዘጋጅታችሁ፣ ከተጋላጭነት ገደቡ (ሠራተኛ እንዲተነፍሰው ከሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን) አንድ አሥረኛ አንሥቶ እስከ እጥፉ ድረስ በየደረጃው ደጋግማችሁ ናሙና ውሰዱ።

ከሁሉ በላይ ልትጨነቁበት የሚገባው የከሰሉ መጥገብ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቱቦ ከፊት 100፣ ከኋላ 50 ሚሊግራም ከሰል አለው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይመረመራሉ። ከኋላው የተገኘው ከፊተኛው 10 በመቶ ካለፈ ትነቱ አምልጦ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ አይታመንም። እርጥበት ይህን ያፋጥነዋል፤ የውኃ ተን በከሰሉ ላይ ያለውን ቦታ ይሻማልና። ፈተናውን በደረቅ አየር ብቻ አድርጎ መተው ራስን ማታለል ስለሆነ፣ አንጻራዊ እርጥበቱን 80 በመቶ፣ የቶሉይኑን መጠን ደግሞ የገደቡ እጥፍ አድርጋችሁ ከሰሉ ጠግቦ ትነቱን እስኪያሳልፍ ድረስ አየር ሳቡበት። በሥራ ቦታ የምትስቡት አየር ከዚያ መጠን ሁለት ሦስተኛ አይብለጥ።

አየሩን በቱቦው የሚስበው ፓምፕም ቱቦው እንደተገጠመለት ከናሙናው በፊትና በኋላ ይለካ። በደቂቃ 0.1 ሊትር ይስባል የተባለው ፓምፕ 0.09 ብቻ ሲስብ ከቆየ፣ በ60 ደቂቃ ያለፈው አየር 6 ሳይሆን 5.4 ሊትር ነው፤ ሪፖርቱም ከእውነተኛው 10 በመቶ ያነሰ ይሆናል። የከሰሉ መጥገብም ሆነ ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ የሚጠፋው ትነት ቁጥሩን የሚያዛቡት ወደዚያው ወደ ታች ነው፤ ሠራተኛው እየተጎዳ ወረቀቱ ደኅና ነው ይላል። በመሆኑም የተወሰኑ ናሙናዎችን ለሁለት ሳምንት አቆይታችሁ መርምሩ። የተቋሙ መመዘኛ ከ100 ልኬት 95ቱ ከእውነተኛው መጠን በ25 በመቶ ውስጥ እንዲገኙ ነው፤ የእናንተም ዘዴ ተረጋገጠ የሚባለው የአየሩ ሙከራ ይህን ሲያሟላ ነው።